የአዝመራ ፊት

የበደለችኝ ያልጋነሽ ናት። በፈረንጆች 2005፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ በነበረው አርብ ጠዋት፣ ሃዳር ጋኒም በሚባለው የፔታ ቲክቫ ከተማ ሰፈር፣ ዛሬ የልጄ አማት በሆኑት በአቶ ሓጎስ ሳሎን ውስጥ ነው የበደለችኝ። አሥራ አንድ ሰው አይቷል። ከአሥራ አንዱ በደል መሆኑ የገባው አንድም አልነበረም። እንዲያውም እልል ብለዋል።

ባለፈው ወር ሞተች። የነገረችኝ ምራቴ ሲጋል ናት። እሷም ያወቀችው ከኢንተርኔት እንጂ ከዘመድ አይደለም። ያልጋነሽ የማትጠፋበት አንድ ፎሩም ነበር፤ በኮምፒውተር የሚሥሉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት፣ አንዱ የሌላውን የሚያርምበት ቦታ። ፊቷን አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ከየትና ከየት አገር፣ ሻማ እየሣሉ ይለጥፉላታል። ሲጋል ማያው ላይ እያነበበች ትተረጉምልኛለች።

“ደግ ነበረች ይላል። እጇ የተባረከ ነበር ይላል። ይኼኛው ደግሞ ያለ እሷ መሣል አልችልም ነበር ይላል፣ ኢማ።”

ኢማ የምትለኝ በዕብራይስጥ እማዬ ማለቷ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ካለ እኔም የማውቀውን ልበል። የማትረሳ ሴት ናት። ይህን የምለው ልረሳት ስለሞከርኩ ነው።

የተዋወቅነው በጽዳት ሥራ ነው። ከፔታ ቲክቫ መሃል በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት በሚያስኬድ አንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ሦስተኛውን ፎቅ አብረን እናጸዳ ነበር። በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። “እትዬ የሺ” ሳትል ጠርታኝ አታውቅም፤ በአክብሮቷ ነቀፋ የለኝም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሄድ አንገቷን ቀደም የምታደርግ ሴት ነበረች። ሰው ስታነጋግር የምታየው ፊቱን ነው እንጂ ዓይኑን አይደለም። ልዩነቱ የሚገባው ለታየው ሰው ነው። አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ታዞረኛለች፤ ጣቷ በረኪና በረኪና ይላል። አንድ ዓይኗን ትጨፍንና ጉንጬን ነካ አድርጋ፣

“እዚህ ጋ አባትዎ አሉ” ትላለች።

አባቴን አይታቸው አታውቅም። ግን ልክ ነበረች።

“ፊት ብቻውን አይበቅልም፣ ከዘመድ ይበደራል” የምትል አባባል ነበረቻት። ከማን እንደሰማችው አላውቅም፤ የራሷ ይመስለኛል። በኋላ ይህቺ አባባሏ ምን እንዳመጣችብን እነግራችኋለሁ።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሊጥል ወደ ምድር ቤት ሲያወርድ አንዱን ለምና ወሰደች። በሕፃን ጋሪ እየገፋች ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ያለው ቤቷ አደረሰችው። መንገድ ላይ ያገኟት ሴቶች፣

“ወለድሽ እንዴ ያልጋነሽ?” ቢሏት፣

“አዎ፤ ግን ዕብራይስጥ ብቻ ነው የሚሰማው” አለች አሉ።

ማትናሱ፣ የሰፈሩ የባህል ቤት ማለቴ ነው፣ ኮርስ ከፍቶ ደብዳቤ መጻፍ አስተማራት። ሥዕሉን ግን የተማረችው ከፎሩሙ ነው። በአንድ ጣቷ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ትጠይቃለች፤ እነሱ ይመልሱላታል። ስም አውጪ ሲሏት ራሷን “ሦስተኛ ፎቅ” ብላ ጻፈች። ሰዎቹ መሐንዲስ መሰለቻቸው። አንዱማ ወንድ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

“‘ወንድሜ፣ ጥላውን ጠንከር አድርገው’ ይለኛል እትዬ። እኔም ‘እሺ ወንድሜ’ እለዋለሁ።” አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር።

መጀመሪያ ከአገር ቤት የመጡ የተቀደዱ፣ ውኃ የበላቸው ፎቶዎችን ነበር የምታድሰው። ቀጥላ ወደ ሙታን ሄደች። ከአገር ቤት የወጣነው በእግር፣ በሱዳን በኩል ነው፤ በእኛ ሰው ዘንድ ያ መንገድ ላይ ወይም እዚያ መጠለያ ውስጥ ሰው ያልቀረበት ቤት ጥቂት ነው። የቀሩት ደግሞ ፎቶ የላቸውም። ማን ካሜራ ይዞ ወጣ? ያልጋነሽ ደብተር ይዛ ከዘመዶቻቸው ቤት ትቀመጣለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ “በማን ወጣ?” ዓይኑ በማን፣ አፍንጫው በማን፣ ግንባሩ በማን? ከዚያ የዘመዶቹን ፎቶ ትሰበስብና ከዚህኛው ዓይን፣ ከዚያኛው አገጭ እየወሰደች የሞተውን ታቆመዋለች። ፔታ ቲክቫ ውስጥ የእሷ ሥራ የተሰቀለበት ብዙ ግድግዳ አለ።

አዝመራ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሱዳን መጠለያ ውስጥ በስድስት ዓመቷ ሞተች። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለያልጋነሽ የነገርኳት እኔ አይደለሁም። ከሰው ሰምታ አንድ ቀን ባልዲ እየሞላን ሳለ፣

“እትዬ፣ አዝመራ በማን ወጣች?” አለችኝ።

ጨርቁን እንደያዝኩ ቆምኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ዓይኗ በአማቴ፣ ቅንድቧ በወንድሜ ወገን፣ አፏ የኔ፤ ጥርሴ ሳይረግፍ በፊት የነበረው አፌ። ጆሮዎቿ ወጣ ወጣ ያሉ። ሁሉንም ነገርኳት። ያሉኝን ፎቶዎች ሰጠኋት፤ የአማቴን የመታወቂያ ፎቶ፣ የወንድሜን ልጅ፣ የራሴን። ሦስት ወር ፈጀባት። አንድ አርብ ጠቅልላ ይዛው መጣች።

ዘረጋችው። አፏን ገጥማ ፈገግ ያለች፣ ሹሩባዋ ከጆሮዋ ኋላ የወረደ ልጅ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል በልቤ ይህቺ ማን ናት አልኩ። ከዚያ ዓይኖቿን አየሁ፤ የአማቴ ዓይኖች።

“እሷ ናት” አልኩ።

“ናት?” አለች ያልጋነሽ።

“ናት!” አልኳት።

ሳሎን ሰቀልኳት። ሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ እያልኳት ወጣሁ።

እንግዲህ የልጄ የዳኒ ነገር መጣ። ከሲጋል ጋር የተዋወቁት ሠራዊት ውስጥ ሳሉ ነው። ቤተሰቦቿ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ትግርኛውም አማርኛውም ዕብራይስጡም እኩል ይሄዳል። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ደም ካለ ያ ጋብቻ አይሆንም፤ እህትን እንደማግባት ነው።

“ኢማ፣ እነሱ ከሽሬ፣ እኛ ከወገራ። የት ተገናኝተን ነው ዘመድ የምንሆነው?” ዳኒ ይስቃል።

“ሳቅህን ከቆጠርን በኋላ አድርገው” አልኩት።

የቆጠሩት አባ መርሻ ናቸው። ሰማንያን ያለፉ፣ ያለ ወረቀት የሰውን ዘር በጣታቸው አንጓ ላይ የሚይዙ ሽማግሌያችን ናቸው። ሁለት ሳምንት ስልክ ላይ ቆዩ። ንጹህ ነው አሉ። ከሻቩዖት በፊት ባለው አርብ እጅ ልንመታ፣ ጋብቻውን በቃል ልናስር ማለቴ ነው፣ ሃዳር ጋኒም ሄድን።

ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አባ መርሻ ሊመርቁ ተነሡ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀና አሉና ቆሙ። የሚያዩትን አየሁ።

ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አዝመራ ነበረች።

ሹሩባዋ በትግራይ አሠራር ነው፤ አንገቷ ላይ እኔ አስሬላት የማላውቀው ጨሌ አለ። ፊቱ ግን ፊቷ ነው። ያ የተገጠመ አፍ፣ ያ ፈገግታ። የመጀመሪያ ሐሳቤን ልንገራችሁ፤ አላፍርበትም። ልጄ አልሞተችም ብዬ አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች መጠለያው ውስጥ አግኝተው፣ ወስደው አሳድገዋታል። በየትኛው ክፍል ነው ያለችው ብዬ በሮቹን ተራ በተራ አየሁ።

“የሺ” አሉ አባ መርሻ፣ “ልጅሽ እዚህ ምን ትሠራለች?”

“የትኛዋ ልጅ?” አሉ አቶ ሓጎስ። “እህቴ ናት እንጂ። ለምለም ትባላለች። በስምንት ዓመቷ ሱዳን ቀርታ ነው። አንዲት የማሃኔ የሁዳ ሴት ሣለችልን፤ ያልጋነሽ የሚሏት።”

እኔ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ቢያንስ ግማሹ። አባ መርሻ ግን በሌላ መንገድ ነው የገባቸው። ያልጋነሽ የምትሠራው ከዘመድ ፊት ለቅማ መሆኑን አገር ያውቃል። ፊት ከዘመድ ይበደራል እያለች የምታስተምረውም እሷው ናት።

“ከዚህ ቤት ለቀመች፣ ከዚያ ቤት ለቀመች፣ የወጣው አንድ ፊት ነው” አሉ። “እንግዲያው ዘሩ አንድ ነው። ምላሴ ሰባት ቤት ቆጥሮ ንጹህ ብሏል። ዓይኔ ግን ሌላ እያየ ነው። የቆጠርኩት አንድ ቦታ ስቶብኛል።”

“አባ፣ ሥዕል እኮ ነው!” አለ ዳኒ።

“ደም ነው” አሉት። ዳቦው ሳይቆረስ ወጣን።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ማንም አይመኛቸው። አባ መርሻ እስከ ዘጠኝ ቤት ወርደው ቆጠሩ፤ ምንም አላገኙም፤ ባለማግኘታቸው የበለጠ ፈሩ። ሲጋል መብል ተወች። ዳኒ ያለ ሽማግሌ እናገባለን ይላል፤ አቶ ሓጎስ ያለ ሽማግሌ ከቤቴ ሴት ልጅ አትወጣም ይላሉ። በመጨረሻ ያልጋነሽ ራሷ ትጠየቅ ተባለ። ከበዓሉ በኋላ ላለው አርብ መልእክት ላኩባት። መልእክቱ የደረሳት ረቡዕ ነው።

ረቡዕና ሐሙስ ከኔ ጋር ነበረች። አንድ ኮሪደር፣ ሁለት ባልዲ። የኔንም ባልዲ እሷ ሞላችልኝ።

“ያልጋነሽ፣ ነገሩ ምንድን ነው?” ብዬ ጠይቄአታለሁ። ይህ ይመዝገብልኝ። ጠይቄአታለሁ።

“አርብ እናገራለሁ እትዬ። በሰደር፣ ደህና ይሆናል” አለችኝ። ዓይኔንም ፊቴንም አላየችም።

አርብ ጠዋት ከማትናሱ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ዳቦው ተነሥቶ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም ከበብናት።

“በኮምፒውተር ሲሣል አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል” አለች። “እነሱ በዕብራይስጥ ሽኽቫ ይሉታል፤ እኔ ነጠላ ነው የምለው። የሳሳ ነጠላ፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ። ያላ፣ እዩ።”

አዝመራን ከፈተች።

“ይኼ የእትዬ የሺ አማት ዓይን ነው።” ነካች፤ ተነሣ። “ይኼ የወንድማቸው ልጅ ቅንድብ።” ተነሣ። “ይኼ የእትዬ አፍ።” ተነሣ። ጆሮው ተነሣ። ሹሩባው ተነሣ።

ልጄ ስትፈርስ ላላይ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። አልጨፈንኩም። ጨፍኜ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልፈረሰችማ! የአማቴ ዓይን ሄዶ ዓይኗ እዚያው ነው። የኔ አፍ ሄዶ ያው ፈገግታ ነው። የእኛ የሆነው ሁሉ ተነሥቶ ፊቷ ምንም አልሆነም። የእኛ ነገር መጀመሪያም እዚያ ያልነበረ ይመስል።

ለምለምንም ከፈተች። ከእሷም ላይ የአቶ ሓጎስን ወገን አንድ በአንድ አነሣች። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። አንድ ናቸው።

“ይህቺ ከሥር ያለችው ሰው አይደለችም” አለች ያልጋነሽ። “አልተወለደችም። አንድ የፎሩሙ ሰው ነው ከምንም ተነሥቶ የሠራት። የትኛው አገር እንዳለ አላውቅም። የልጅ ፊት የቸገረው ይውሰድ ብሎ አስቀመጣት። እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰው እንጂ ሕፃን መሣል አልሆን አለኝ። የአዋቂ አፍንጫ የልጅ ፊት ላይ እምቢ ይላል። ስለዚህ እሷን ከሥር አነጠፍኳት።” ቀና አለች። “ዘመድ አይደላችሁም። ዘመድ ያደረግኋችሁ እኔ ነኝ።”

አባ መርሻ ወደ ማያው ጎንበስ አሉ።

“ስንት ቤት እንዲህ አደረግሽ?”

“ሕፃን የቀረበት ቤት ሁሉ፣ አባ።”

“ይህቺ ልጅ እናት የላትም?”

“የላትም።”

“አባትስ?”

“የላትም።”

“ተመስገን!” አሉ አባ መርሻ። ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። “ዘር የሌላት ናት! ቆጠራዬ ልክ ነበር! ምን ትጠብቃላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!”

እልል አሉ። ሲጋል ዳኒ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዳቦው መጣ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ማያው እንደተከፈተ ነበር፤ ልጅቱ ጸጉር ሳይኖራት ፈገግ ብላለች።

ዓይኔን ጨፍኜ አዝመራን ፈለግኋት። ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ነበር የማገኛት፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ትመጣለች። አሁን የመጣችው ማያው ላይ ያለችው ናት። በሌላ በኩል ሞከርኩ። ከኋላዋ፣ ስትሮጥ፣ ወንዙ አጠገብ። ጀርባዋ የራሷ ነው፣ አሯሯጧ የራሷ ነው። ጠራኋት። ዞረች። ያቺው ናት። ያ ስሙ የማይታወቅ ሰው የሠራት።

የሆነብኝ ይህ ነው። ልጄን ሱዳን ቀበርኳት፤ ፊቷን ግን ተሸክሜ መጥቼ ነበር። ያን የቀበርኩት ፔታ ቲክቫ ውስጥ ነው፣ በገዛ ሳሎኔ፣ ደህና አደርሽ እያልኩ።

የአቶ ሓጎስ እናት፣ አደይ ምልእተ፣ አጠገቤ ነበሩ። የለምለም እናት ናቸው። እጄን ያዙኝ።

“እኔ ድሮም አውቄዋለሁ” አሉኝ በቀስታ። “የኔዋ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ነበራት። የሰቀልኩት እንግዳ ሲገባ ይህቺ ማን ናት ብሎ እንዲጠይቀኝ ነው። ስሟን እንድጠራበት።”

ለእሳቸው ደግ ሆነላቸው። እኔ እሳቸው አይደለሁም።

ደረጃው ላይ ያልጋነሽ ደረሰችብኝ።

“እትዬ፣ ዳኒን ላድን ብዬ ነው።”

“ረቡዕ ምላስ አልነበረሽም? ሐሙስስ? ባልዲ ስትሞዪልኝ?”

“ፈራሁ። ለብቻዎ ብነግርዎ አትናገሪ ይሉኝ ነበር።”

እል ነበር ወይ? እል ይሆናል። ልጄን ከልጄ ብታስመርጠኝ፣ ምናልባት ሙቷን እመርጥ ይሆናል። ቢሆንም እኔን መጠየቅ ይገባት ነበር። አሥራ አንድ ሰው ፊት ሳይሆን፣ ሁለት ባልዲ ፊት።

“ደግሞ እትዬ...” አለች። ማለት የማይገባትን አለች። “ናት ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ።”

በዚያው ቀን ከሰዓት ሥዕሉን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቆምኩት። ሁለት ሳምንት ምስማሩን ሳይ ከረምኩ። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት። ሌላ ፊት አልቀረላትም።

ሥራ ቦታ ወደ ሁለተኛ ፎቅ እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ፤ አዛወሩኝ። ሠርጉ በነሐሴ ሆነ። ያልጋነሽ ተጠርታ መጥታለች፣ በልታለች፣ እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ግን አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ ሕፃን መሣል ተወች አሉ።

በኪፑር ዋዜማ፣ ሰው ይቅርታ በሚባባልበት ከሰዓት በኋላ፣ ቤቴ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ፤ ግቢ አላልኳትም። ነጭ ለብሳለች። ጎንበስ ብላ ይቅር ይበሉኝ አለችኝ። የበሩን እጀታ አልለቀቅኩም። ቀና ብላ፣

“ሥዕሉስ፣ እትዬ?” አለች።

“አቃጠልኩት” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። “ልክ አደረጉ” አለች።

ሥዕሉ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ነበር። በሩን ዘጋሁት።